የመከላከል ዝንጋኤ፦ ኩፍኝ ከሰውነት የሚሰርቀው ትዝታ

እ.ኤ.አ. በ1908 የቪየናው የሕፃናት ሐኪም ክሌመንስ ፎን ፒርኬ አንድ ግራ የሚያጋባ ነገር መዝግበው አስቀመጡ። የሳንባ ነቀርሳ ተሕዋስ ቀደም ሲል ሰውነታቸው ውስጥ የገባ ልጆች ቆዳ ላይ በሚደረገው የቲዩበርኩሊን ምርመራ ሲፈተኑ ቆዳቸው ይቀላል፣ ያብጣል። እነዚያው ልጆች ኩፍኝ ሲይዛቸው ግን ቆዳቸው ምልክት መስጠቱን ያቆማል። ሰውነታቸው በደንብ የሚያውቀውን ጠላት ድንገት የማያውቀው መሰለ።

ነገሩ በሚገባ እስኪብራራ ድረስ ከመቶ ዓመት በላይ ወሰደ። የቫይረስ ተመራማሪዎች ዛሬ «ኢሚዩን አምኔዥያ» ይሉታል። በአማርኛ «የመከላከል ዝንጋኤ» ቢባል ይስማማዋል።

ሰውነት ምኑን ነው የሚዘነጋው? ሰው አንድ ተሕዋስ ታግሎ ካሸነፈ ወይም ክትባት ከወሰደ በኋላ በደሙ፣ በዕጢዎቹና በመቅኔው ውስጥ ለረጅም ጊዜ የሚቆዩ ሴሎች ይቀሩለታል። አስታዋሽ ሴሎች እንበላቸው። ያው ተሕዋስ ተመልሶ ሲመጣ ፈጥነው ይነሡበታል። ሌሎች ደግሞ መቅኔ ውስጥ ተቀምጠው ተሕዋሱን የሚዋጋ አንቲቦዲ ያመርታሉ። አንድ ልጅ በየዓመቱ ጉንፋኑን፣ ተቅማጡን፣ የጆሮ ሕመሙን ሲያልፍ ይህ ክምችት እያደገ ይሄዳል።

የኩፍኝ ቫይረስ የሚያጠቃው እነዚህኑ ሴሎች ነው። በአስታዋሽ ሴሎች ገጽ ላይ «ሲዲ 150» የሚባል ፕሮቲን አለ፤ ቫይረሱ እሱን ይዞ ወደ ውስጥ ይገባል። የሮተርዳሙ ኢራስመስ የሕክምና ማዕከል ተመራማሪዎች ሮሪ ደ ቭሪስና ሪክ ደ ስዋርት ከባልደረቦቻቸው ጋር በ2012 ባሳተሙት ጥናት አረንጓዴ የሚያበራ የኩፍኝ ቫይረስ በማካክ ጦጣዎች ላይ ተጠቅመው ይህን በዓይን አሳዩ። ከዚያ በኋላ ያለው ይበልጥ የሚያስደንቅ ነው። ኩፍኝን ለመዋጋት አዲስ የተነሡት ተከላካይ ሴሎች ቫይረሱ የገባባቸውን አስታዋሽ ሴሎች አብረው ይገድላሉ። ሰውነት ራሱን ለማዳን ሲል የራሱን ትዝታ ያጠፋል ማለት ነው።

በሳምንት ገደማ የነጭ የደም ሴሎች ቁጥር ይመለሳል። በተራ የደም ምርመራ ብቻ የሚያይ ሐኪም ልጁ እንደዳነ ሊያስብ ይችላል። ነገር ግን ቦታውን የሞሉት በአብዛኛው ኩፍኝን ብቻ የሚያውቁ አዳዲስ ሴሎች ናቸው፤ ሠራተኞቹ ሁሉ በየወንበራቸው ተቀምጠው መዛግብቱ የተቃጠሉበት መዝገብ ቤት ይመስላል። ኩፍኝን ራሱን ሰውነት ዕድሜ ልክ አይረሳውም። የሚረሳው ሌላውን ነው።

በሰው ላይ ማስረጃው የተገኘው ከኔዘርላንድስ ነው። በ2013 ክትባት በማይቀበል አንድ የፕሮቴስታንት ማኅበረሰብ ውስጥ ኩፍኝ ሲነሣ፣ ተመራማሪዎች ካልተከተቡ 77 ልጆች በሽታው ሳይዛቸውና ከያዛቸው በኋላ ደም ወሰዱ። የሐርቫርዶቹ ማይክል ሚናና ስቲቨን ኤሌጅ ከባልደረቦቻቸው ጋር በአንድ ጠብታ ደም የብዙ መቶ ቫይረሶችን አንቲቦዲ በሚለይ ዘዴ መረመሩት። በ2019 በታተመው ውጤት ልጆቹ ከነበራቸው የአንቲቦዲ ዓይነት ከ11 እስከ 73 በመቶ አጥተው ተገኙ። ከግማሽ በላይ ያጣ ልጅ ትናንት ያሸነፈውን በሽታ ነገ እንደ አዲስ ይጋፈጣል። በዚያው ዓመት የወጣ ሌላ ጥናት ይህንኑ በእንስሳ አሳየ፤ የጉንፋን ክትባት የወሰዱ ፌሬት የሚባሉ ትናንሽ እንስሳት የኩፍኝ ዘመድ በሆነ የውሻ ቫይረስ ሲያዙ የክትባቱ ጥበቃ ቀነሰ፣ ቀጥሎ የመጣው ጉንፋንም ጠናባቸው።

መመለሱ ጊዜ ይፈልጋል። ሚናና ባልደረቦቻቸው በ2015 የእንግሊዝና ዌልስን፣ የዴንማርክንና የአሜሪካን የቆዩ የሞት መዛግብት ሲመረምሩ፣ ኩፍኝ ያለፈባቸው ልጆች በሌሎች ተላላፊ በሽታዎች የመሞት አደጋቸው ከሁለት እስከ ሦስት ዓመት ከፍ ብሎ እንደሚቆይ ገመቱ። ሰውነት የጠፋበትን መልሶ የሚያገኘው ተሕዋሱን ዳግም ሲያገኘው ወይም እንደገና ሲከተብ ነው። ዳግመኛ መታመም በምቹ ሆስፒታል አጠገብ ላለ ልጅ ሊታለፍ ይችላል። ጤና ጣቢያ በራቀበት፣ ምግብ ባነሰበት ቤት ላለ ሕፃን ግን የሳንባ ምች ወይም ተቅማጥ ሕይወት ይወስዳል።

የኩፍኝ ክትባት ይህን ጉዳት አያደርስም። ውስጡ ያለው ቫይረስ የተዳከመ ነውና አስታዋሽ ሴሎችን ሳያጠፋ ሰውነትን ያስተምራል። በኔዘርላንድሱ ጥናት ለንጽጽር የተመረመሩት የተከተቡ ልጆች አንቲቦዲያቸው አልጠፋም። በኢትዮጵያ የመጀመሪያው የኩፍኝ ክትባት በ9 ወር፣ ሁለተኛው በ15 ወር ይሰጣል፤ ሁለተኛው በመደበኛው መርሐ ግብር የገባው እ.ኤ.አ. በ2019 ነው። ኩፍኝ አስቀድሞ የያዘው ልጅ ደግሞ ቀደም ሲል የወሰዳቸው ሌሎች ክትባቶች እንዲደገሙለት ተመራማሪዎቹ ሐሳብ አቅርበዋል።