ከቀብር በፊት የሚደርስ እድር

የማኅበራችንን 10ኛ ዓመት ስናከብር ከየት እንደ ተነሣን ማስታወስ ይገባናል። ወደ ሲያትል ቀድመው ከመጡት ወገኖቻችን ብዙዎቹ ተማሪዎች ነበሩ፤ የ1966 ዓ.ም. አብዮት ከፈነዳ በኋላ አገር ቤት መመለስ ሳይሆንላቸው ቀረ። በ1980 እ.ኤ.አ. የአሜሪካ የስደተኞች ሕግ ሲወጣ ደግሞ በሱዳን በኩል የተሰደዱት ተከተሉ። ሁላችንም በሻንጣ የማይታይ አንድ ቅርስ ይዘን መጥተናል፤ እርሱም እድር ነው።

እድር በአዲስ አበባ የተስፋፋው ከየአገሩ ተሰባስቦ የመጣው ሕዝብ ዘመድ በሌለበት ዘመድ የሚሆነው ስላስፈለገ ነው። ደንቡ አጭር ነው። ሀብታሙም ደሀውም እኩል ያዋጣል። ሐዘን ሲደርስ ድንኳኑ፣ ምግቡና ሰዉ ወደ ሐዘንተኛው ቤት ይሄዳል እንጂ ሐዘንተኛው ለልመና አይወጣም። ዛሬ የተቀበለ ነገ ይሰጣልና የሚያፍር የለም። በዚህ በምንኖርበት አገር ፋሚሊ ሪሶርስ ኮአሊሽን የተባለው ድርጅት በ1996 እ.ኤ.አ. ባወጣው የቤተሰብ ድጋፍ መመሪያ ውስጥ፣ ሠራተኛውና ቤተሰቡ በእኩልነትና በመከባበር አብረው ይሥሩ የሚል መርህ አስፍሯል። ይህ ለእድርተኛ አዲስ ነገር አይደለም።

ይሁንና ጉድለታችንንም መናገር አለብን። አስከሬን ወደ አገር ቤት ለመላክ ሲሆን፣ ከአውሮፕላን ማረፊያው የታክሲ ወረፋ አንሥቶ እስከ ቤተ ክርስቲያንና መስጊድ ድረስ ገንዘቡ በአጭር ጊዜ ይሰበሰባል። ያው ሰው በሕይወት ሳለ ሥራ ሲፈታ፣ ትዳሩ ሲናጋ፣ አማርኛ ከማይሰማ ልጁ ጋር መግባባት ሲያቅተው ግን በሩን ያንኳኳን ጥቂቶች ነን።

አገር ቤት ያሉት በዚህ ቀድመውናል። በ1990ዎቹ ዓ.ም. የኤድስ በሽታ በየሰፈሩ ሰው ሲቀጥፍ፣ ቀባሪ ብቻ ሆኖ መቅረት እንደማያዋጣ የተረዱ አንዳንድ የአዲስ አበባ እድሮች መተዳደሪያ ደንባቸውን አሻሽለው ሕሙማንንና ወላጅ ያጡ ሕፃናትን መደገፍ ጀመሩ። ለሞት የተቋቋመው እድር ለሕይወትም እንደሚያገለግል ያን ጊዜ ታየ።

እኛም ለሚመጡት ዐሥር ዓመታት ሦስት ነገሮችን በደንባችን እናስፍር። አንደኛ፣ እርዳታው ወደ ቤተሰቡ ይሂድ። ሁለተኛ፣ የሚያስፈልገውን ቤተሰቡ ራሱ ይንገረን እንጂ እኛ አንወስንለት። ሦስተኛ፣ የቤት ገመና ከሰማው ሰው አፍ አይውጣ፤ ምሥጢሩ ካልተጠበቀለት ማንም ችግሩን አያዋየንምና።

«ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ነው» ይላሉ አባቶቻችን። ሸክሙን መካፈል ያለብን ግን ተሸካሚው ሳይወድቅ ነው።