ለጮኸው የሚሮጥ ዎርድ፦ የባሕርይ ማጠናከሪያ ታሪክ ከገፈርሳ ሲታይ

በቡራዩ በኩል የሚያልፍ መንገደኛ ገፈርሳን የሚያውቀው ለአዲስ አበባ ውኃ በሚያጠራቅመው ግድብ ነው። ለሐኪም ግን ስሙ የአእምሮ ሕሙማን ማገገሚያ ማዕከሉን ያስታውሳል፤ ሕመማቸው ሥር የሰደደባቸውን ሰዎች የሚቀበለውን። መድኃኒት የሌለ ድምፅ መስማትን ቢያስታግሥም ፊት መታጠብን፣ ልብስ መቀየርን፣ ከሰው ጋር መጨዋወትን መልሶ አያስተምርም። ይህን ክፍተት ለመሙላት ከተሞከሩት ዘዴዎች አንዱ የተወለደው ከሕክምና ውጭ ነው።

ኤድዋርድ ቶርንዳይክ እ.ኤ.አ. በ1898 ባሳተመው ጥናት፣ በሣጥን የተዘጉ ድመቶች ወደ ምግብ የሚያደርሳቸውን እንቅስቃሴ እያጸኑ ሌላውን እንደሚተዉ አሳየ። ስኪነር በ1938 ሐሳቡን አስፋፋው፤ አንድን ድርጊት ተከትሎ መጥቶ ድርጊቱ እንዲደጋገም የሚያደርግ ነገር ሁሉ ማጠናከሪያ ነው። ልብ እንበል፤ ሽልማት ብቻ አላለም። ሰው ለተራበ ሕመምተኛ ቁጣም ማጠናከሪያ ሊሆን ይችላል።

ይህንን አይሎንና ማይክል በ1959 ባሳተሙት ጽሑፍ በግልጽ እናገኘዋለን። በካናዳ፣ በሳስካችዋን ሆስፒታል፣ አንዲት ሕመምተኛ በቀን በአማካይ 16 ጊዜ ወደ ነርሶች ቢሮ እየገባች ሥራ ታስፈታ ነበር። ነርሶቹ በየጊዜው እጇን ይዘው ያስወጧታል። ትኩረት መንፈጉ ሲጀመር ግን በሰባተኛው ሳምንት ቁጥሩ ወደ 2 ወረደ። ለካ ማስወጣቱ ራሱ ኖሯል የሚጠራት!

በ1960ዎቹ አይሎንና አዝሪን በኢሊኖይ፣ በአና ሆስፒታል፣ ራሱን ለጠበቀና ሥራ ለሠራ ሕመምተኛ በዕቃና በልዩ ልዩ መብት የሚመነዘር ምልክት መስጠት ጀመሩ። ዘዴው በብዙ ሆስፒታሎች ተስፋፋ፤ አልፎ አልፎም አልጋና ምግብ ሳይቀር መደራደሪያ ሆኑ። በ1972 የአላባማ ፌዴራል ፍርድ ቤት እነዚህ የሕመምተኛው መብቶች እንደሆኑ፣ የሆስፒታሉን ሥራ እንዲሠራም ሊገደድ እንደማይገባ ወሰነ። በእኔ አስተያየት ውሳኔው ዘዴውን አልገደለውም፤ አጠራው እንጂ።

ለእኛ የሚጠቅመው ግን ምልክቱ ሳይሆን የካናዳው ምልከታ ይመስለኛል። ነርስ በሚያንስበት ዎርድ ሁሉም ለጮኸው ይሮጣል፤ ታጥቦ ግድግዳ ተደግፎ የተቀመጠውን ግን ማንም «እንዴት አደርክ?» አይለውም። በሰበታ ወይም በሱሉልታ ያለች እናትም ልጇ ሲወጣላት በፍቅር እያጎረሰች በእጁ መብላትን ልታስረሳው ትችላለች። ስለዚህ በመውጫው ዕለት ከመድኃኒቱ አወሳሰድ ጋር ይህም ሊነገራት ይገባል። ሆኖም ትኩረት መንፈግ ከምርመራ በኋላ የሚመጣ ነው፤ ደጋግሞ «ሆዴን» የሚል የአእምሮ ሕመምተኛ ሆዱን በእውነት ታሞ ይሆናልና።