የአባ ሳሙኤል ደለል እንደ ታሪክ ሰነድ

የአቃቂን ታሪክ የሚጽፉ ሰዎች አብዛኛውን ጊዜ ከባቡሩ ይነሳሉ። የጅቡቲው ሐዲድ እ.ኤ.አ. በ1917 አዲስ አበባ ሲደርስ አቃቂም ጣቢያ አገኘች፤ ሜዳው ሰፊ፣ ወንዙም ቅርብ ነበርና ጨርቃ ጨርቁና ብረታ ብረቱ ተከትለው መጡ። ይህ አያከራክርም። ይሁን እንጂ ፋብሪካው ያመረተውን የሚቆጥር መዝገብ ሞልቶ ሳለ ወንዝ ውስጥ የደፋውን የሚቆጥር ለረጅም ዘመን አልነበረም። ይህን ጉድለት የሚሞላው ከአቃቂ ቃሊቲ በስተደቡብ ምዕራብ ያለው የአባ ሳሙኤል ሐይቅ ጭቃ ነው ባይ ነኝ። ሐይቁ ሰው ሠራሽ ነው። እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ ግድቡ የተሠራው መብራት ለማመንጨት ሲሆን፣ ጣቢያው 6.6 ሜጋ ዋት ያመነጭ ነበር። ትልቁና ትንሹ አቃቂ የከተማዋን እጣቢ፣ የቆዳ ፋብሪካውን ኬሚካልና የጎርፉን አፈር ይዘው ወደ አዋሽ ከመውረዳቸው በፊት እዚህ ያርፋሉ። ደለልና እንቦጭ የወረሩት ጣቢያ ለዓመታት ሥራ ፈትቶ ከቆየ በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ2016 ታድሶ ተመልሷል። መሐንዲሱን ያስመረረው ደለል ለታሪክ ጸሐፊ ሀብት ነው።

«ግድብ እንደ ጣና አይደለም» የሚል ይኖራል። የጣና ወለል ተቆፍሮ ሐይቁ ከ16,000 ዓመታት በፊት ደርቆ እንደነበር የመሰከረው ረግቶ የተነባበረ በመሆኑ ነው፤ አባ ሳሙኤልን ግን ክረምት በመጣ ቁጥር ጎርፍ ያምሰዋል። እውነት ነው፣ ዓመት በዓመት ማንበብ አይቻልም። አሥርት ዓመታትን መለየት ግን ይቻላል። የኑክሌር ሙከራዎች የበተኑት ሲዚየም 137 እ.ኤ.አ. በ1963 አካባቢ ጣሪያ ስለነካ በጭቃ ውስጥ ምልክት ይተዋል፤ በ22 ዓመት ገደማ በግማሽ የሚቀንሰው እርሳስ 210 ደግሞ የንብርብሩን ዕድሜ ያሰላል። በጭቃው ውስጥ ያለው ብረታ ብረት ከአካባቢው የእሳተ ገሞራ አለት የመጣ ነው ለሚልም፣ ከደለሉ ሥር ያለው የቀድሞው አፈር ማነጻጸሪያ ይሆነዋል።

ከባዱ ተቃውሞ ከባክቴሪያዎቹ ይመጣል። ጭቃው ሕይወት አለው። ከላይኛው ስስ ገጽ በታች ኦክስጅን ያልቃል፤ ባክቴሪያዎቹም በናይትሬት፣ በማንጋኒዝ፣ በብረት፣ ቀጥሎም በሰልፌት ይተነፍሳሉ። በዚህ ሂደት ብረት ሟሙቶ ከተቀመጠበት ንብርብር ሊሸሽ ስለሚችል፣ የብረትን መጠን ብቻ አይቶ ዘመን መቁጠር ያሳስታል። ነገር ግን እነዚያው ባክቴሪያዎች ከሰልፌት የሚያወጡት ሰልፋይድ እርሳስን፣ ዚንክንና መዳብን አስሮ ያስቀራል። አደገኛው ባለ ስድስት ክሮሚየምም እዚያ ወደ ባለ ሦስት ይለወጥና በቀላሉ አይሟሟም። ጸሐፊው ባክቴሪያ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም፤ አንባቢው የእያንዳንዱን ማዕድን ጠባይ ለየብቻ ማወቅ አለበት እንጂ ሰነዱ ሐሰተኛ አይደለም።

ሐይቁ ውኃ እንዲይዝ ደለሉ ይጠረግ ማለት ተገቢ ጥያቄ ነው። ጭቃው አየር ሲነካው ግን ሰልፋይዱ ይፈርሳል፣ የታሰረው ብረታ ብረትም ይፈታል፤ በአቃቂ ውኃ ጎመንና ሰላጣ የሚያለሙ ገበሬዎች ደግሞ አሉ። ስለዚህ ቆፋሪው ማሽን ከመግባቱ በፊት ቢያንስ ሦስት የደለል ናሙና ዓምዶች ይወሰዱ፦ አንዱ ደቃቁ ደለል ከሚጠራቀምበት ከግድቡ ግርጌ፣ ሁለቱ ከሁለቱ ወንዞች መግቢያ፤ የትንሹ አቃቂ ፋብሪካዎች ድርሻ ከትልቁ አቃቂ የሚለየው በዚህ ነው።