ጥቁር ቀበቶ ለመያዝ ሰውነት ምን ያህል መጠንከር አለበት?

ግድግዳ በቡጢ የሚደበድብ ወይም ክንዱን በዱላ የሚያስመታ የካራቴ ሰው ቪዲዮ ስልካችሁ ላይ ሳይመጣ አይቀርም። «ጥቁር ቀበቶ እንዲህ ነው የሚገኘው» ይላሉ። እውነት ነው እንዴ?

አጭሩ መልስ፦ ለሁሉም የሚሰራ አንድ መስፈርት የለም። እንደ ስታይሉ ይለያያል። በአጭሩ አስቀምጠንላችኋል።

ቀበቶው ከየት መጣ?

ዳን የሚባለው ደረጃ ወደ ካራቴ የገባው ከጁዶ ነው። ጊቺን ፉናኮሺ ለተማሪዎቹ የመጀመሪያዎቹን የካራቴ ዳኖች የሰጠው እ.ኤ.አ. በ1924 ነው። ሰውነት ማጠንከር ግን ከቀበቶው በፊትም ኦኪናዋ ውስጥ ነበር። ስለዚህ አንዳንዱ ስታይል ከፈተናው ጋር አያያዘው፣ አንዳንዱ ደግሞ ለልምምድ ብቻ ተወው።

በየስታይሉ እንየው

• ሾቶካን፦ ፈተናው በዋናነት መሰረታዊ እንቅስቃሴ (ኪሆን)፣ ካታ እና ኩሚቴ ነው። ክንዳችሁ ስንት ምት እንደሚችል የሚለካ የለም።

• ጎጁ ርዩ፦ ሳንቺን የሚባል በዝግታና በከባድ አተነፋፈስ የሚሰራ ካታ አለ። እየሰራችሁ መምህሩ ትከሻ፣ ሆድና እግር መታ መታ ያደርጋል። የሚፈለገው አቋማችሁና ትንፋሻችሁ እንዳይፈርስ ነው እንጂ ህመም መቻላችሁ አይደለም።

• ኡኤቺ ርዩ፦ እዚህም ሳንቺን በምት ይፈተሻል። በተጨማሪ ሁለት ሰዎች ክንድ ለክንድ እየተማቱ የሚያጠነክሩበት ኮቴ ኪታኤ የሚባል ልምምድ አለ።

• ኪዮኩሺን፦ ማሱታትሱ ኦያማ የመሰረተው ነው። ፊት በቡጢ አይመታም፤ ደረትና ሆድ ግን ያለ ጓንት ይመታል፣ ጭን ላይም እርግጫ አለ። በብዙ ቦታ ለመጀመሪያው ዳን 10 ያህል ተጋጣሚ በየተራ ይገጥማችኋል። ፑሽ አፕና ቁጭ ብድግም አይቀርም።

ታዲያ ግድግዳው?

አጥንት ጫና ሲደጋገምበት ቀስ በቀስ ይጠነክራል። ግን ወራትና ዓመታት ይፈልጋል፣ በመሃልም እረፍት። ለዚህ ነው የድሮዎቹ ማኪዋራ የሚመቱት፦ መሬት ላይ የተተከለ፣ ሲመታ ለጠጥ የሚል ጣውላ። ግድግዳ አይለጠጥም፤ ጉልበታችሁ ተመልሶ እጃችሁ ላይ ያርፋል። ቡጢ ጠንካራ ነገር ላይ ሲያርፍ ብዙ ጊዜ የሚሰበረው ከትንሿ ጣት በታች ያለው የመዳፍ አጥንት ነው። የጣት መገጣጠሚያ ደግሞ እንደ አጥንት አይጠነክርም፤ ሲጎዳ የሚከርመው ጉዳቱ ነው።

እነዚህን አትለፏቸው

1. መደንዘዝ፣ የማይወርድ እብጠት ወይም ጣት አልታጠፍ ማለት ካለ አቁሙና ሐኪም ጋ ሂዱ።
2. የታዳጊዎች አጥንት ገና እያደገ ነው። ጠንካራ ነገር መምታት ለነሱ አይሆንም።
3. ደም ግፊት ያለበት ሰው ሳንቺንን ትንፋሽ አፍኖ መስራት የለበትም። ማፈን ግፊቱን ይጨምራል።

ከመመዝገባችሁ በፊት መምህሩን ጠይቁ፦ ስታይሉ ምንድነው? ለዳን ፈተና በዝርዝር ምን ይጠየቃል? ማጠንከሩ የሚጀመረው መቼና በምን ነው? ጥሩ መምህር ሦስቱንም ሳይቆጣ ይመልሳል። «ዝም ብለህ ምታ» ካላችሁ ግን ሌላ ቦታ ፈልጉ።

ግድግዳ የሚደበድብ ጓደኛ ካላችሁ ሼር አድርጉለት። እጁ ነገም ያስፈልገዋል።