ስልክህን እንዳትዘጋ

እስቲ ጠጋ በሉ። ዛሬ የማወጋችሁ «ተጠባባቂ» ስለምትባል ቃል ነው። ሥራ ሲፈልግ የከረመ ሰው ያውቃታል።

ዲግሪዬን ይዤ አዲስ አበባን ስዞር አንድ መሥሪያ ቤት የሒሳብ ሠራተኛ እንደሚፈልግ ማስታወቂያ አወጣ። ተመዘገብኩ፤ የጽሑፍ ፈተናውን አለፍኩ። የተግባር ፈተናው ላይ ግን ፒችትሪ በተባለው የሒሳብ መመዝገቢያ ሶፍትዌር ሥራ ተባልኩና እጄ ተሳሰረ። ፒችትሪን የማውቀው በስም ብቻ ነበር። ከሳምንት በኋላ ውጤቱ ተለጠፈ። የሚፈለገው ሁለት ሰው፣ እኔ ሦስተኛ። ከስሜ ትይዩ በእስክሪብቶ «ተጠባባቂ» የሚል ተጽፏል።

ካኪ ፖስታዬን በብብቴ ሸጉጬ ስወጣ የበሩ ጥበቃ፣ ሽማግሌ ናቸው፣ ፊቴን አይተው «ስምህ የለም እንዴ ልጄ?» አሉኝ።

«አለ ጋሼ፤ ግን ተጠባባቂ ነኝ።»

ጥቂት አሰብ አደረጉና «እንግዲያው ስልክህን እንዳትዘጋ» አሉኝ።

ያን ቀን ምክራቸው ቀለለብኝ። ክብደቱ የገባኝ ከዓመታት በኋላ፣ ነሐሴ 4 ቀን 2016 ዓ.ም.፣ የፓሪስ ኦሊምፒክ ማራቶንን በቴሌቪዥን ሳይ ነው።

ስሙኝማ። የማራቶን ሯጩን ታምራት ቶላን ታውቁታላችሁ። ሐምሌ 2014 ዓ.ም. በአሜሪካ ዩጂን የዓለም ሻምፒዮን ሆነ። በዓመቱ ክብሩን ሊያስጠብቅ ቡዳፔስት ወረደና ሩጫውን አቋርጦ ወጣ። ብዙም ሳይቆይ፣ ጥቅምት 2016 ዓ.ም.፣ የኒውዮርክ ማራቶንን በ2:04:58 የቦታውን ክብረ ወሰን ሰብሮ አሸነፈ። እንዲህ ያለው ሰው ለፓሪስ ምርጫ ሲወጣ ከሦስቱ አልገባም። ቀነኒሳ በቀለ፣ ሲሳይ ለማና ዴሬሳ ገለታ ተመረጡ። ታምራት ተጠባባቂ ተባለ።

የዓለም ሻምፒዮን የነበረ ሰው፣ ተጠባባቂ! ቢያኮርፍ ማን ይፈርድበታል?

ውድድሩ ሁለት ሳምንት ያህል ሲቀረው ሲሳይ በጉዳት ምክንያት ቦታውን ለቀቀ። ታምራት ተጠራ። እዚህ ላይ ቆም በሉልኝ። በሁለት ሳምንት ውስጥ ለማራቶን የሚዘጋጅ ሰው የለም። ያውም ለዚያ መንገድ! ከፓሪስ ተነስቶ ቬርሳይ ደርሶ የሚመለስ፣ ዳገቱ ሲደመር 436 ሜትር የሚወጣ መንገድ ነው። ስለዚህ ታምራት የተዘጋጀው ሳይጠራ በፊት ነው፤ ይሮጥ አይሮጥ ሳያውቅ፣ ማንም ትሮጣለህ ሳይለው።

28ኛው ኪሎ ሜትር አካባቢ ከባዱ ዳገት ሲመጣ ተነጥሎ ወጣ። ከዚያ ወዲህ የደረሰበት የለም። 2:06:26፣ የኦሊምፒክ ክብረ ወሰን! ገዛኸኝ አበራ በ1993 ዓ.ም. ሲድኒ ላይ ካሸነፈ ወዲህ በወንዶች ማራቶን ለአገራችን የመጀመሪያው ወርቅ ሆነ።  

ልዋሻችሁ ግን አልፈልግም። ተጠባባቂ ሁሉ አይጠራም። ያ መሥሪያ ቤት ለእኔ አልደወለም። ሁለቱም ልጆች ገብተው ሠሩ፤ እሰየው። እኔን ግን ያ የተግባር ፈተና እንቅልፍ ነሳኝ። አንድ ጓደኛዬን ለመንኩት፤ እሱ በሚሠራበት ቢሮ ከሥራ ሰዓት በኋላ እየሄድኩ፣ ደረሰኝ በደረሰኝ፣ ወጪ ገቢውን በፒችትሪ መመዝገብ ተማርኩ። ስንት ማታ ታክሲ አምልጦኝ በእግሬ ገብቻለሁ። ከሰባት ወር በኋላ ሌላ መሥሪያ ቤት ለፈተና ጠራኝ። ኮምፒውተሩ ፊት ስቀመጥ እጄ አልተሳሰረም። ዛሬ እንጀራ የምበላው በዚያ ሙያ ነው።

ጋሼን ሄጄ ላመሰግናቸው ብል እዚያ በር ላይ አላገኘኋቸውም። ምክራቸውን ለእናንተ ላስተላልፍ። ነገ ሰሌዳ ፊት ቆማችሁ ከስማችሁ ጎን ያቺን ቃል ብታነቡ፣ ማልቀስ ያማራችሁ አልቅሱ። ከዚያ የጣላችሁ ጥያቄ የቱ እንደነበር አስታውሱና ማታውኑ ከእሱ ጀምሩ። ስልካችሁንም አትዝጉ።