የሰሜን ሐረግ፤ ታሪኩና ጠባዩ

ሐረግ የሚለው ቃል በአማርኛችን ብዙ ነገር ይሸከማል። በዱር ዛፍ ላይ የሚጠመጠመው ተክል ሐረግ ይባላል፤ የሰው ትውልድ ሲቈጠር የዘር ሐረግ ይባላል፤ የብራና ጸሐፊዎች በምዕራፍ ራስ ላይ በቀለም እየጠላለፉ የሚስሉት ጌጥም ሐረግ ነው። ክቡራን አንባብያን ሆይ፤ ዛሬ የምንነጋገረው ስለ ፊተኛው፥ ይኸውም ስለ ተክሉ ሐረግ ነው፤ ከሐረጎችም መካከል በሰሜን ተራሮች ስም ስለሚጠራው ስለ አንዱ ነው።

ከከተማ ነዋሪዎች ብዙዎቻችን ከመሥሪያ ቤት ተመልሰን የግቢያችንን በር ስንከፍት፥ አጥር የሸፈነ ቡጋንቪላ ይቀበለናል። ይህ ተክል ከደቡብ አሜሪካ የመጣ እንግዳ ነው። ስሙን ያገኘው ዓለምን በመርከብ ከዞረው ከፈረንሳዊው ከቡጋንቪል ሲሆን፥ በዚያው ጉዞ የነበረው የዕፅዋት ሊቅ ኮመርሶን በአውሮፓ አቈጣጠር በ1767 በብራዚል ምድር አገኘው። እንግዳውን ማክበር መልካም ነው፤ ነገር ግን ባለአገሩን ሐረግ ስሙን እንኳ ሳንጠይቅ መቅረታችን አያስመሰግነንም።

በአማርኛ የአዞ ሐረግ የምንለው ተክል በሳይንስ ቋንቋ ክሌማቲስ ሲሜንሲስ ይባላል። ክሌማ በግሪክ የወይን ሐረግ ማለት ነው፤ ሲሜንሲስም «የሰሜን» ማለት ነው። እንግዲህ የሊቃውንቱ ስም ሲተረጐም «የሰሜን ሐረግ» ይሆናል ማለት ነው።

ይህ ስም የወጣለት እንደሚከተለው ነው። የፍራንክፈርት ሰው የሆነው ኤድዋርድ ሩፔል በአውሮፓ አቈጣጠር በ1832 ከምጽዋ ተነሥቶ፥ የሰሜንን ተራሮች አቋርጦ፥ ጎንደር ገባ። ጊዜው ዘመነ መሳፍንት ነበረ፤ ሰሜንንም የሚገዙት ደጃዝማች ውቤ ኃይለ ማርያም ነበሩ። ሩፔል ዋልያን፥ ጭላዳንና ቀይ ቀበሮን ለሳይንስ ዓለም ያስተዋወቀ ሰው ነው። የሰበሰባቸው ዕፅዋትም ደርቀው ወደ ፍራንክፈርት፥ ወደ ዜንከንበርግ ቤተ መዘክር ተላኩ። በዚያም ሐኪምና የዕፅዋት ሊቅ የነበረው ፍሬዜኒዩስ መርምሮ፥ በ1837 የሰሜንን ሐረግ በስሙ አሳተመ፤ ጅብራንም መጀመሪያ የጻፈው እርሱ ነው። በዚያው በ1837 ሌላው ጀርመናዊ ዊልሄልም ሺምፐር ወደ አገራችን መጣ። እርሱ በደጃዝማች ውቤ ዘንድ ሹመት እስከ ማግኘት ደርሶ፥ ዕፅዋት ሲሰበስብ ኖረ፤ በ1878ም ዐድዋ ላይ ዐረፈ። በአውሮፓ ቤተ መዘክሮች የሚገኙት የሀገራችን የደረቁ ዕፅዋት ብዙዎቹ የእርሱ እጅ ሥራ ናቸው። ዳሩ ግን መንገድ የመሩትና ሸክም የተሸከሙት ያገር ሰዎች ስማቸው ከአንድ አበባ ጋር እንኳ አልተያያዘም።

አሁን ወደ ጠባዩ እንመለስ። የሰሜን ሐረግ ግንዱ ቀጭን ስለ ሆነ ብቻውን ሊቆም አይችልም። ጥምጥም ብሎ የሚወጣው በግንዱ ሳይሆን በቅጠሉ ዘንግ ነው፤ ዘንጉ አንድ ጭራሮ ሲነካው ይታጠፍና ይዞ ይጠመጠማል፤ ከዚያም ይጠነክራል። ቻርልስ ዳርዊን በ1865 ስለ ወጪ ተክሎች ባሳተመው ጥናት የክሌማቲስን ወገኖች አንድ በአንድ ፈትኖ፥ የቅጠላቸው ዘንግ ቀላል ንክኪ እንኳ እንደሚሰማው ገልጿል። አበባውም የሚያስገርም ነው፤ ነጣ ብለው የሚታዩት አራቱ ቅጠሎች እውነተኛ የአበባ ቅጠል አይደሉም፤ እንቡጡን የሚሸፍኑ ሽፋኖች ናቸው። የቡጋንቪላም ቀለም እንዲሁ ከአበባው ሳይሆን አበባውን ከከበበው ቅጠል የመጣ ነው። አበባው ሲረግፍ እያንዳንዱ ፍሬ ላባ የመሰለ ጭራ ያበቅላል፤ ነፋስም ይዞት ይሄዳል። በዚያን ጊዜ ቍጥቋጦው ሁሉ ነጭ ጥጥ የተበተነበት ይመስላል።

ይህ ሐረግ የሚኖረው በጫካ ዳርና በቍጥቋጦ መካከል ነው፤ ከባሕር ወለል በላይ 3,600 ሜትር ያህል ወደሚደርሰው ወደ ጊች አምባ አይወጣም። በጊች የሚታየው ሣርና ጅብራ ነው። ነገር ግን የጊች ታሪክ ለዚህ ነገር የቀረበ ነው። የሰሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ በ1962 ዓ.ም. ተቋቋመ፤ በ1970 ዓ.ም. በዓለም ቅርስነት ተመዘገበ። እርሻውና ግጦሹ እየበረታ፥ ዋልያውም እየተመናመነ ስለ ሄደ፥ በ1989 ዓ.ም. አደጋ ላይ ካሉት ቅርሶች መዝገብ ገባ። በ2008 ዓ.ም. ከ400 የሚበልጡ የጊች አባወራዎች ገብስ ያበቀሉበትን መሬትና የአባቶቻቸውን መቃብር ትተው ወደ ደባርቅ ወረዱ፤ በ2009 ዓ.ም.ም ፓርኩ ከአደጋው መዝገብ ወጣ። እኛ በጽሕፈት ቤት ወንበር ላይ ሆነን ስለ ተፈጥሮ ጥበቃ ስንጽፍ፥ ዋጋውን የከፈለው ማን እንደ ሆነ ልንዘነጋ አይገባም። ቤቱን ለለቀቀ ገበሬ በከተማ የሚደገፍበት ሥራ ካልተገኘለት፥ ሥራው ግማሽ ሆኖ ይቀራል።

ውድ አንባቢ ሆይ፤ በቤትህ ደጅ ያገር ሐረግ ለማሳደግ ብትፈልግ ነገሩ ከባድ አይደለም። የክሌማቲስ ወገኖች ሥራቸው በጥላ፥ ራሳቸው በፀሐይ ሲሆን ይወዳሉ፤ የሚይዙትም ቀጭን ሽቦ ወይም ሸምበቆ ይበቃቸዋል። ከቍጥቋጦ ነቅሎ ከማምጣት ይልቅ ፍሬውን መዝራት ይሻላል። ጭማቂው ቆዳን የሚያቃጥልና ውኃ የሚያስቋጥር ስለ ሆነ፥ ሕፃናት እንዳይነኩት መጠንቀቅ ያስፈልጋል። ሽታ የሚወድ ሰው ደግሞ ጠምበለልን ይምረጥ፤ እርሱም በሳይንስ ስሙ ሐበሻዊ የተባለ፥ ነጭ አበባው በመዓዛው የሚታወቅ ያገራችን ሐረግ ነው።

የውጭ አገር ሰው ከባሕር ማዶ መጥቶ የሰሜንን ስም ከአንድ አበባ ጋር አስተሳስሮ ከሄደ ሁለት መቶ ዓመት ሊሞላው ነው። አበባው ግን ዛሬም በእኛው ምድር ያብባል፤ እንዲያብብ የሚያደርገውም የሚደገፍበት ዛፍ ሳይቈረጥ ሲቆይ ብቻ ነው።