የገጠር ወጣቶች የእርሻ ክበብ ታሪክ፤ አነሣሡ፣ ሽልማቱና ለእኛ የሚሰጠው ትምህርት

የትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል በሚታሰብበት በዚህ መጽሔት ላይ ምን ብንጽፍ ይሻላል ብለን እኛ የመጨረሻው ክፍል ተማሪዎች በተመካከርን ጊዜ፣ አብዛኞቻችን የገበሬ ልጆች ስለ ሆንን ስለ ገበሬ ልጆች ታሪክ እንድንጽፍ ተስማማን። ትምህርት የገበሬውን ልጅ ከእርሻ ያርቀዋል የሚለውን ክስ ሁላችንም በየቤታችን ሰምተነዋል። ይህ ክስ ከመቶ ዓመት በፊት በአሜሪካ አገርም ይሰማ ነበር። በዚያ አገር ለክሱ ከተሰጡት መልሶች አንዱ ዛሬ ፎር ኤች እየተባለ የሚጠራው የወጣቶች የእርሻ ክበብ ነው። በዚህ ጽሑፍ የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮጳውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አንባቢዎቻችን እንዲያስተውሉልን እናሳስባለን።

በአሜሪካ በ1862 በወጣው ሕግ የእርሻ ኮሌጆች፣ በ1887 በወጣው ሕግ ደግሞ የእርሻ ምርምር ጣቢያዎች ተቋቋሙ። በእነዚህም ስለ ዘር፣ ስለ አፈርና ስለ ከብት ብዙ አዲስ ዕውቀት ተገኘ። ነገር ግን ዕውቀቱ ወደ ገበሬው ማሳ ለመድረስ ተቸገረ። ሽማግሌው ገበሬ በመጽሐፍ የሚታረስ እርሻ አይታየኝም ይል ነበር። ልጁም በበኩሉ ትምህርቱን ሲጨርስ ዓይኑን ወደ ከተማ ያነሣ ነበር። ስለዚህ ችግሩ ሁለት ነበር፤ አባት ከኮሌጁ አይማርም፤ ልጅ ከማሳው አይቀርም።

በኢሊኖይ ክፍለ አገር በማኩፒን አውራጃ ዊል ኦትዌል የተባለ ሰው ገበሬዎች ለትምህርት እንዲሰበሰቡ ቢጠራ የመጡለት ጥቂት ብቻ ሆኑ። በዚህ ጊዜ ሐሳቡን ለወጠና የተመረጠ የበቆሎ ዘር ገዝቶ ለልጆች አደለ፤ ከሁሉ የተሻለ በቆሎ ላመጣም ሽልማት እንደሚሰጥ አስታወቀ። ልጆቹ በቆሏቸውን ለማሳየት በመጡ ጊዜ አባቶቻቸው ተከትለዋቸው መጡና አዳራሹ ሞላ። በሰው ጥሪ ያልመጣ አባት በልጁ ማሳ መጣ ማለት ነው።

እንዲሁም በኦሃዮ ክፍለ አገር በስፕሪንግፊልድ የትምህርት ቤቶች ኃላፊ የነበረው ኤ. ቢ. ግራሃም በጥር ወር 1902 ልጆችን በአውራጃው ፍርድ ቤት ምድር ቤት ሰብስቦ አንድ ክበብ አቋቋመ። ልጆቹ በቆሎ፣ አትክልትና አበባ ይተክሉ ነበር፤ የአፈሩንም ኮምጣጣነት ቀለሙን በሚለውጥ ወረቀት ይመረምሩ ነበር። ዛሬ ፎር ኤች የልደት ቀኑን የሚቆጥረው ከዚህ ክበብ ነው። በዚያው ዘመን በአይዋ ክፍለ አገር ጄሲ ፊልድ የተባለች መምህርት ለወንዶች የበቆሎ፣ ለሴቶች የቤት አያያዝ ክበብ አቋቁማ ነበር። እንግዲህ ይህ ሥራ የአንድ ሰው ፈጠራ ሳይሆን በልዩ ልዩ ስፍራ የነበሩ መምህራን ለአንድ ችግር ያገኙት አንድ መልስ ነው።

በደቡብ ክፍለ አገሮች የእርሻ ማስተማሪያ ሥራ መሪ የነበሩት ሲማን ናፕ፣ ገበሬ የሰማውን ቢጠራጠር እንኳ በገዛ እጁ የሠራውን ሊጠራጠር አይችልም የሚል እምነት ነበራቸው። በ1907 በሚሲሲፒ በሆልምስ አውራጃ የተቋቋመውን የልጆች የበቆሎ ክበብ ደግፈው በሌሎችም ቦታዎች እንዲስፋፋ አደረጉ። እያንዳንዱ ልጅ የሚሠራው በአንድ ኤከር፣ ማለትም በአራት ሺህ ሜትር ካሬ ያህል መሬት ላይ ነበር። በ1910 በደቡብ ካሮላይና ጄሪ ሙር የተባለ ልጅ ከአንዲት ኤከር 228 ቡሼል ከሦስት ሩብ በቆሎ አገባ። ይህ 58 ኩንታል ያህል ነው፤ በሄክታር ሲሰላም ከ140 ኩንታል ይበልጣል። በዚያን ጊዜ የአገሩ አማካይ ምርት በኤከር ከ30 ቡሼል በታች ስለ ነበረ ወሬው በየጋዜጣው ተሰማ።

እኛን ይበልጥ ያስደነቀን ግን የሽልማቱ አሰጣጥ ነው። ዳኞቹ የምርቱን ብዛት ብቻ አይመለከቱም ነበር። ከመቶው 30 ነጥብ ለምርቱ ብዛት፣ 30 ነጥብ ወጪው ተቀንሶ ለተገኘው ትርፍ፣ 20 ነጥብ ለዕይታ ለቀረቡት አሥር የበቆሎ ራሶች፣ የቀረው 20 ነጥብ ደግሞ ልጁ ስለ ሥራው ለጻፈው ታሪክ ይሰጥ ነበር። ስለዚህ ብዙ ማዳበሪያ ገዝቶ ብዙ ያመረተ ልጅ ሒሳቡን ካልያዘ ወይም ወጪው ከገቢው ከበለጠ ሊሸነፍ ይችላል። ማረስ፣ መቁጠርና መጻፍ በአንድ ማሳ ላይ ተገናኙ። ይህ ከሆነ ትምህርት ከእርሻ ያርቃል የሚባለው እንዴት ነው? የሚያርቀው ትምህርቱ ሳይሆን የማሳውን ሒሳብ የማይነካ ትምህርት ሊሆን ይችላል።

እኅቶቻችንም ከዚህ ታሪክ ውጭ አልነበሩም። ማሪ ክሮመር የተባለች የደቡብ ካሮላይና መምህርት ለወንዶቹ ይህ ከተደረገ ለሴቶቹስ ብላ ጠይቃ በ1910 በኤከን አውራጃ የቲማቲም ክበብ አቋቋመች። እያንዳንዷ ልጅ የኤከር አንድ አሥረኛ በሆነ ቦታ ቲማቲም ተክላ ፍሬውን በቆርቆሮ እያሸገች ትሸጥ ነበር። ለአሸናፊዋ የተመደበው ሽልማት በኮሌጅ የመማር ዕድል ነበር። በዚያ ዘመን ለገጠር ልጃገረድ በስሟ የተመዘገበ ገንዘብና የኮሌጅ ደጃፍ ምን ያህል ትልቅ ነገር እንደ ነበረ አንባቢ ይገምተው።

ከዚያ በኋላ ፕሬዚደንት ውድሮው ዊልሰን በግንቦት ወር 1914 የፈረሙት የስሚዝ ሊቨር ሕግ የእርሻ ኮሌጆች ትምህርታቸውን ወደ ገጠር እንዲያደርሱ በጀት ሰጠ፤ ክበቦቹም በዚህ ሥር ገቡ። ምልክታቸው አራት ቅጠል ያለው የማገጥ ተክል ሲሆን በየቅጠሉ ላይ ኤች የተባለው የእንግሊዝኛ ፊደል ተጽፏል። ራስ፣ ልብ፣ እጅና ጤና በእንግሊዝኛ የሚጀምሩት በዚሁ ፊደል ስለ ሆነ ነው። አባላቱ ከየክፍለ አገሩ ተመርጠው ወደ ቺካጎ ጉባኤ፣ ከ1927 ጀምሮም ወደ ዋሽንግተን ብሔራዊ ሰፈር ይሄዱ ጀመር። ከ1948 ጀምሮም የገጠር ወጣቶች ባሕር ተሻግረው በሌላ አገር ገበሬ ቤት የሚቀመጡበት የልውውጥ ዕድል ተከፈተ።

ይሁን እንጂ ታሪክ የምንጽፍ ከሆነ መልካሙን ብቻ መጻፍ አይገባንም። በደቡብ ክፍለ አገሮች ጥቁሮችና ነጮች ልጆች በተለያየ ክበብ ነበሩ፤ ለጥቁሮቹ የሚደርሰው ገንዘብና ዕድልም ያነሰ ነበር። ቶማስ ካምቤል የተባለው ጥቁር የእርሻ መምህር በ1906 ከተስኪጊ ትምህርት ቤት በሠረገላ መሣሪያ ጭኖ እየዞረ ማስተማር ጀምሮ ነበር፤ ይሁን እንጂ መለያየቱ በሕግ የተከለከለው በ1964 በወጣው የሲቪል መብት ሕግ ነው። ደግሞም በሰው መሬት ላይ በእኩሌታ የሚያርስ አባት ለልጁ አንድ ኤከር ከየት ያመጣለታል? የሽልማቱ በር ለሁሉ የተከፈተ ይመስላል፤ ከበሩ የሚያደርሰው መንገድ ግን መሬት ነው።

ይህ ጥያቄ ወደ አገራችን ያመጣናል። በ1952 በኢትዮጵያ መንግሥትና በኦክላሆማ የእርሻ ኮሌጅ መካከል በተደረገው ስምምነት የጅማ የእርሻ ትምህርት ቤትና የዓለማያ ኮሌጅ ተቋቋሙ። የእርሻ ማስፋፊያ ሥራም ከዚያ ተነሥቶ በ1963 ወደ እርሻ ሚኒስቴር ተዛወረ። በዚያ ዘመን የፎር ኤች ክበቦች በአገራችንም ተቋቁመው ልጆች አትክልትና ዶሮ ያረቡባቸው ነበር። ነገር ግን ብዙ ገበሬ ጭሰኛ ስለ ነበረ ልጁ ምርት ቢጨምር የባለመሬቱም ድርሻ አብሮ ይጨምር ነበር። በ1965 ተማሪዎች መሬት ላራሹ ብለው አደባባይ የወጡት፣ በ1975ም የገጠር መሬት አዋጅ የታወጀው በዚህ ምክንያት ነው። ዛሬ ጭሰኝነት ቀርቷል፤ ሆኖም የብዙ ቤተሰብ ይዞታ ከአንድ ሄክታር ያነሰ በመሆኑ ለልጅ የሚቆረስ መሬት ጉዳይ እኛንም ያሳስበናል።

እንግዲህ ከዚህ ታሪክ ምን እንማራለን? አንደኛ፣ የልጅ ሥራ አባትን ሊያስተምር ይችላል። ሁለተኛ፣ ሽልማት የሚጠቅመው ብዛትን ብቻ ሳይሆን ሒሳብንና ማስተዋልን ሲመዝን ነው። ሦስተኛ፣ መሬት የሌለውን ልጅ ያላሰበ ክበብ የባለመሬቶችን ልጆች ብቻ ይሸልማል። ስለዚህ ከእኛ በኋላ ለምትቀሩት ታናናሾቻችን የምናቀርበው ሐሳብ ይህ ነው። ከትምህርት ቤቱ ግቢ ጥቂት ቦታ ተከፍሎ በየመደቡ ለልጆች ይሰጥ፤ አባቱ መሬት ያለውም የሌለውም እኩል ይለካለት። እያንዳንዱ ወጪውንና ገቢውን በደብተር ይጻፍ፤ በዓመቱ መጨረሻም ወላጆች ተጠርተው ይመልከቱ። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ ነው፤ ለሃምሳ ሰው ግን ጌጡ ነው። እኛም ወደየቀበሌያችን ስንመለስ ደብተራችንን ይዘን ወደ አባቶቻችን ማሳ ለመውረድ፣ ከእነርሱም ለመማር ዝግጁዎች ነን።